በዚህ ዳገት ማን አለፈ?

ኅብረታችሁ በጥር ወር የእግር ጉዞ ሊያዘጋጅ ነው እንበል። ቡናው ተለቅሟል፤ ዝናቡ ጋብ ብሏል፤ መንገዱም ትንሽ ደርቋል። ኮሚቴው ተቀምጦ ዝርዝር ያወጣል፤ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ውሃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ጊታር፣ የመዝሙር ደብተር። አንዲት እኅት «መንገዱን የሚያሳየን ሰውስ?» ብላ ትጠይቃለች። «እዚያው ከመንደሩ አንድ ልጅ እናገኛለን» ይባልና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ «አንድ ልጅ» ነው። ከቦንጋ እስከ ሚዛን ተፈሪ፣ ከማሻ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ተራራ የወጣ መንገደኛ ሁሉ ከፊቱ የሚሄድ ሰው ነበረው። የተጓዦቹን ስም መጻሕፍት ይዘውልናል። ፊት ፊት የሄዱትን ሰዎች ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ አናገኘውም። እስቲ ጉዞውን ከመጀመራችን በፊት ወደ ኋላ እንመለስና በዚህ ዳገት ማን እንዳለፈ እንይ።

ዓይን የሚጋርድ ተራራ

በመጀመሪያ አገሩን እንወቀው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ የሚሄድ ሰው ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጅማን ካለፈ በኋላ ወደ ጎጀብ ወንዝ ይወርዳል፤ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ ይወጣል። ቦንጋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሚዛን 1,450 ሜትር፣ ቴፒ ደግሞ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። የካፋ ከፍተኛ ቦታዎች ከ3,000 ሜትር ያልፋሉ። ስለዚህ በዚህ አገር ወደ ላይ መውጣት ማለት ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው መሻገር ማለት ነው። ከታች ሞቃቱ የበበቃና የቴፒ ቡና አለ። ከፍ ሲሉ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን የዘራ የጫካ ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይገኛል። ከዚያ በላይ እንሰትና ገብስ ይመጣል፤ በአዲዮ በኩል ደግሞ የቀርከሃ ደን አለ።

የስሜን ተራሮችን የወጣችሁ ካላችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል። በስሜን ገደሉና አምባው ከሩቅ ይታያል፤ መንገደኛ ነገ የሚደርስበትን ቦታ ዛሬ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። እዚህ ግን ደኑ ዓይን ይጋርዳል። አንዱን ሸንተረር ወጥታችሁ ጨረስን ስትሉ ወንዝ ይጠብቃችኋል፤ ወንዙን ስትሻገሩ ሌላ ሸንተረር ይነሣል። በአንዳንድ ሥፍራ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስለሚጥል ጭቃው ጉልበት ይፈትናል። ቅጠል የለበሰ የማር ሰብሳቢ መንገድ ከከብት መንገድ፣ የከብቱም ከአውሬ መንገድ የሚለይበትን ምልክት የሚያውቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። በዚህ አገር ያለ መሪ የሚሄድ ሰው፣ አበው እንደሚሉት፣ ላገሩ እንግዳ ለሰው ባዳ ይሆናል።

የበር ጠባቂዎቹ

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በፊት ይህ አገር የራሱ ነገሥታት ነበሩት። ከእነርሱ ኃያል የነበረው የካፋ መንግሥት ሲሆን ንጉሡም «ታቶ» ይባል ነበር። ካፋ ድንበሩን የሚጠብቀው በሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ተፈጥሮ የሰጠችው ተራራ፣ ደንና ወንዝ ነው። ሁለተኛው የሰው እጅ የሠራው ጥልቅ ቦይና አጥር ነው። በቦዩ መካከል በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ በር ነበረ። ወደ ካፋ የሚገባ ነጋዴም ሆነ መልእክተኛ በእነዚህ በሮች ማለፍ ነበረበት።

ነጋዴው ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከምጽዋ በጎንደር፣ በጎጃም በሶ ገበያ፣ በእናርያና በጅማ አድርጎ ቦንጋ የሚደርስ ረጅም የቅፍለት መንገድ ነበረ። ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ጨሌ ይመጣል፤ ከካፋ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ኮረሪማ፣ ቡና ይወጣል። የሚወጣው ይህ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ይሸጥ ነበር። ወደዚህ ቆየት ብለን እንመለሳለን።

በዚህ መንገድ ከገቡት ጥቂት አውሮፓውያን አንዱ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ሲሆን ቦንጋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1843 ነው። የካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ጉልየልሞ ማሳያም እ.ኤ.አ. በ1859 ካፋ ገብቶ በ1861 ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ሁለቱም ያዩትን ጽፈዋል። በሩን የከፈተላቸው ግን ማን ነው?

ከበሮቹ ጠባቂዎች መካከል ማንጆዎች ነበሩበት። ማንጆዎች በደኑ ውስጥ በአደን የሚኖሩ፣ ዱካና ዱር የሚያውቁ የካፋ ወገኖች ናቸው። መንግሥቱ ለደኅንነቱ በእነርሱ ይታመን ነበር። ነገር ግን በር የሚጠብቅለትን ሰው ማኅበረሰቡ በማዕዱ አያስቀምጠውም ነበር። የጉሬዛና የዱር አሳማ ሥጋ ይበላሉ ተብሎ ቤት አያስገቧቸውም፤ በአንድ ዕቃ አይበሉም፤ አይጋቡም። በመንገድ ላይ ቢገናኙ ዝቅ ብሎ ሰላምታ የሚያቀርበውና መንገድ የሚለቀው ማንጆው ነበር። መንገዱን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ሰው መንገዱን ለሌላው እየለቀቀ ዳር ዳሩን ይሄድ ነበር ማለት ነው።

የንጉሡ መሸሸጊያ

እ.ኤ.አ. በ1897 በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ብዙ ሠራዊት ይዘው ወደ ካፋ ዘመቱ። የጅማው አባ ጅፋር ጦርም አብሮ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ጦር ቦዩንና በሩን ሲያልፍ የካፋ ሰዎች በአብዛኛው በጦርና በጋሻ ይዋጉ ነበር። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ግን ወዲያው አልተያዙም። ተራራውና ደኑ ለወራት ሸሸጓቸው። በመጨረሻ ተማርከው ተወሰዱ፤ ወደ ዙፋናቸውም ሳይመለሱ እ.ኤ.አ. በ1919 ሞቱ።

እስቲ አስቡት። ዛሬ እናንተ እየዘመራችሁ የምትወጡት ዳገት ያኔ የአንድ ንጉሥ የመጨረሻ ምሽግ ነበር። በሌሊት ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ያሻገሯቸው፣ ምግብ ያቀበሏቸው፣ ዱካ ያጠፉላቸው ሰዎች ነበሩ። የንጉሡን ስም እናውቃለን። የራሱን ስም እናውቃለን። የእነዚያን ሰዎች ስም ግን የሚነግረን መጽሐፍ የለንም።

በቀጣዩ ዓመት በ1898 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በቦንጋ አቅራቢያ ከነበረው ከአንደራቻ ተነሥተው (ዛሬ በሸካ ዞን ካለው አንድራቻ ጋር አታምታቱት) እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ዘመቱ። አብሯቸው አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሚባል ሩሲያዊ መኮንን ነበረ። ቡላቶቪች ኮረብታ ኮረብታውን እየወጣ የተራሮችን ከፍታና አቅጣጫ ይለካ፣ ካርታም ያነሣ ነበር። በሩሲያ ያሳተመው መጽሐፍ ስለዚህ አገር ተራራዎች ከተጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። በዚያው ዘመቻ ላይ ክፉኛ የቆሰለ አንድ ትንሽ ልጅ አገኘ። አንሥቶ አስታመመው፤ ቫስካ ብሎ ስም አወጣለት፤ ወደ ሩሲያም ወሰደው። ቡላቶቪች በኋላ መንኩሶ አባ አንቶኒ ተባለ፤ ቫስካን ለማየትም እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መጣ። አንድ ሰው ቁመቱ በሜትር የሚለካውን ተራራም፣ መሬት ላይ የወደቀውን ልጅም ማየት ችሏል። ነገር ግን ያ ሕፃን እናቱ ያወጣችለት ሌላ ስም ነበረው፤ እርሱ ጠፍቶ ቀርቷል።

እግሩ የታሰረ መንገደኛ

አሁን ቆየት ብለን እንመለስበታለን ወዳልነው ነገር እንምጣ። በዚህ አገር መንገድ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ተጓዥ ጎብኚም ሚሲዮናዊም ነጋዴም አልነበረም፤ ተሽጦ የሚነዳ ሰው ነበር። ከካፋ፣ ከጊሚራ (ዛሬ ቤንች ከምንለው)፣ ከማጂና ከዙሪያው የተያዙ ሰዎች በእነዚህ ሸንተረሮች እየወጡና እየወረዱ ወደ ጅማ ገበያና ከዚያም ወዲያ ይወሰዱ ነበር።

ይህን ታሪክ ስንናገር ጣታችንን ወደ አንድ ወገን ብቻ መቀሰር አይገባንም። የካፋ ነገሥታት ራሳቸው ሰው ይሸጡ ነበር። ከ1897 በኋላ ደግሞ አገሩ ለጦር አለቆች በተሰጠ ጊዜ ፍንገላው እየከፋ ሄደ። በማጂ በኩል ሰፋፊ መሬት ሰው አልባ ሆነ። ሄንሪ ዳርሊ የተባለ እንግሊዛዊ ስለዚያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1926 ላሳተመው መጽሐፍ የሰጠው ርእስ «ባሮችና የዝሆን ጥርስ» የሚል ነበር። ሰውና ጥርስ በአንድ መስመር፣ እንደ ሁለት ዓይነት ሸቀጥ ተጻፉ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች። በ1916 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን ባሮች ቀስ በቀስ ነጻ የሚወጡበት ሕግ ወጣ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ይህ ሩቅ ዘመን አይደለም። የአንዳንዶቻችሁ ቅድመ አያቶች ያኔ በሕይወት ነበሩ።

ይህን የምጽፈው ጉዞአችሁን ላጨልምባችሁ አይደለም። ጎጀብን በድልድይ ስትሻገሩ ወንዙን ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት ነው። ከእናንተ በፊት የተሻገሩት ብዙዎች ወደ ኋላ ዞረው ተራራቸውን ያዩት ለመጨረሻ ጊዜ ነበር።

የወንጌል እግረኞችና የቡና ዘር

እኛም እንደ ወንጌል አማኞች በተራራ መንገድ ላይ የራሳችን ታሪክ አለን። ከወላይታ የተነሡ ወንጌላውያን ኦሞን ተሻግረው ወደ ዳውሮና ወደ ኮንታ የሄዱት በእግራቸው ነው። ስንቃቸው በትከሻቸው፣ መጽሐፋቸው በብብታቸው ነበር። የእነዚህን አባቶች የአንዳንዶቹን ስም በአጥቢያዎቻችን እንጠራለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ማደሪያ የሰጧቸውን፣ በወንዝ ያሻገሯቸውን፣ ቋንቋ ያስተረጎሙላቸውን ሰዎች ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሌላም ተጓዥ አለ፤ ቡና። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራብ ደን፣ ጌሻ ከሚባለው አካባቢ፣ የቡና ዘር ተለቅሞ ወጣ። ዘሩ በምሥራቅ አፍሪካ አድርጎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ተሻገረ። ለብዙ ዓመታት ማንም ከቁም ነገር ሳይቆጥረው ቆየ። በ2004 ግን በፓናማ የቡና ውድድር አሸንፎ አንዱ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ የማይሞላ) በ21 ዶላር ተሸጠ፤ ያ በጊዜው ተሰምቶ የማይታወቅ ዋጋ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ውድ ቡና የሚጠጡ ሰዎች የአንድ የኢትዮጵያ መንደር ስም ይጠራሉ። ዘሩን ያስለቀሙት የእንግሊዝ ቆንስላ ሰዎች እንደነበሩ ተጽፏል። ወደ ዛፉ የመራቸው፣ «ይኸው፣ ጥሩው ይህ ነው» ያላቸው ሰው ግን ማን ነበር? ያም ሰው አንድ ዳገት ወጥቷል። ለዚያ ቀን ድካሙ ምን እንደተከፈለው አልተመዘገበም።

መንገዱ ዛሬ

ከዚያ በኋላ አውሮፕላን መጣ። በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በማጂ ሜዳዎች የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ያርፉ ነበር፤ በበቅሎ ብዙ ቀን የሚፈጀው መንገድ በሰዓት የሚቆጠር ሆነ። ቀጥሎ የመኪና መንገድ ገባ። የጥንቱ የእግር መንገድም ለገበያተኛ፣ ለእንጨት ለቃሚና ለማር ቆራጭ ቀረ።

አሁን ደግሞ መንገዱ በአዲስ ሰበብ ይፈለጋል። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የካፋን፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የሸካን ደን የብዝኀ ሕይወት ክልል ብሎ መዝግቧል፤ የካፋው 760 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ የሸካው 238 ሺህ ሄክታር ገደማ ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረትም ቦንጋ ከዋና መቀመጫዎቹ አንዷ ሆነች። እንግዶች ይመጣሉ። ከቦንጋ ተነሥተው የቡና መነሻ ወደሚባለው ወደ ማንኪራ ጫካ ይሄዳሉ። ወንዝ ከሥሩ የሚያልፍበትን የእግዜር ድልድይ ያያሉ። ወደ ባርታ ፏፏቴ ይወርዳሉ። ወደ አዲዮ ቀርከሃ ይወጣሉ። ከማሻ በጌጫ አድርጎ ወደ ቴፒ የሚወርደው አገርም ለሚራመድ ሰው የሚያስደንቅ ነው።

ለእነዚህ እንግዶች ከፊት የሚሄደው ዛሬም ያው የአገሩ ልጅ ነው። ቀፎውን ለመስቀል ወይም ማሩን ለመቁረጥ ረጅም ዛፍ በገመድ የሚወጣ፣ የጉሬዛውን ድምፅ የሚለይ፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚያውቅ ሰው። አንዳንዴ ይህ ሰው ማንጆ ነው። በሚዛን ወይም በቦንጋ ገበያ ከሰልና ማገዶ ተሸክሞ ሲመጣ «ስንት ነው?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላነጋገርነው ይሆናል። የነገሥታቱ ዘመን አልፏል፤ ቦዩ በቅጠል ተሞልቷል። በሰውና በሰው መካከል የተቆፈረውስ ቦይ ተሞልቷል? ይህን ለመመለስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአጥቢያችሁ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ፣ ማን በማን ቤት እንደሚበላ፣ ማን ለማን ልጅ እንደሚዳር ተመልከቱ።

ስለ ትንሣኤው ቀን የተጻፈውን አስታውሱ። ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ አንድ መንገደኛ አብሯቸው ሄደ። መንገዱን ሁሉ ሲያነጋግራቸው ማን እንደሆነ አላወቁም። ያወቁት «ከእኛ ጋር እደር» ብለው ቤት አስገብተውት፣ በማዕድ ተቀምጦ እንጀራውን ሲቆርስ ነው። አብሮ መሄድ ብቻውን አላሳወቃቸውም፤ ቤት ማስገባትና አብሮ መቁረስ ነበረበት። በመንገድ ዳር ሰነባብተውት ቢሆን ኖሮ ማን አብሯቸው እንደሄደ ሳያውቁ ይቀሩ ነበር።

ስለዚህ የጥሩ ጉዞ ዝርዝራችሁ ላይ ሦስት ነገር እንድትጨምሩ እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ ከመሄዳችሁ በፊት በአካባቢው ያሉ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ፈልጋችሁ የተራራውን፣ የወንዙንና የመንገዱን ስም ጠይቁ፤ ስሙ ለምን እንደወጣም ይንገሯችሁ፣ ጻፉት። ሁለተኛ፣ መንገድ የሚመራችሁን ሰው ስም ከነአባቱ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩ፤ ዋጋውንም ሳትከራከሩ በቅድሚያ ተስማምታችሁ ክፈሉት። ሦስተኛ፣ ምሳ ሲቀርብ ለእርሱ ለብቻው በፌስታል አታቋጥሩለት። መሐላችሁ ይቀመጥ፤ ከአንዱ ትሪ አብራችሁ ብሉ፤ ጸሎቱንም ከፈቀደ እርሱ ይጸልይ።

ሽቅብ ስትወጡ ደኑ ዓይናችሁን ይጋርዳል፤ የሚታያችሁ ከፊታችሁ የሚሄደው ሰው ጀርባ ብቻ ይሆናል። ጫፍ ስትደርሱ ደመናው ከተገለጠ ከታች የቡናውን አገር ታያላችሁ። ያን ጊዜ ፎቶ ታነሣላችሁ፤ አንሡ። ግን እርሱ «ቆይ፣ እኔ ላንሣችሁ» ብሎ ስልኩን ሲቀበላችሁ ሌላ አንሺ ፈልጉና እርሱን መሐል አስገቡት። ከዓመታት በኋላ ያን ፎቶ የሚያዩ ልጆቻችሁ «ይህ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ስሙን የምትነግሯቸው እናንተ ትሆናላችሁ።